ቀይዋ ላም ስንቴ ወለደች?

እትዬ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ልጃቸው ኦሪት ደወለችልኝና "ሙሉ፣ እማ ዛሬ ጠዋት አረፈች" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽማግሌ አልተላከብኝም፣ በማለዳ በሬ አልተንኳኳም፣ "እስቲ ነጠላሽን ልበሺና እከሌ ቤት ደርሰን እንምጣ" ያለኝ የለም። ካገራችን ሰው ሁሉ መርዶ በስልክ የሚነገረኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የዛሬ ሰባት ዓመት ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈራችን ያሉትን ዘመድ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ እየዞርኩ "ከእንግዲህ ሰው ቢሞት በዚያው ሰዓት ንገሩኝ፤ የደበቀኝን ሰው ዐይኑን አላየውም" ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። እንዲህ እንድል ያደረጉኝ እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው።

ኦሪት ስልኩ ላይ ትጠብቀኛለች። ምን ልበላት? "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኩና ዘጋሁት። ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር እንጃ፣ አንዲት ሩስያዊት አሮጊት ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላናገርኳቸው ሴት ሞተው ወንበር የሚለቀቅልኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በራሴ ተናደድኩ።

ግን እንደሳቸው ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም። እውነቱን መናገር ይሻላል።

እኔና እትዬ አስካለ በየማለዳው አንድ ፌርማታ ላይ እንገናኝ ነበር። ሁለታችንም የምንሠራው ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ነው። እኔ ሳሙና የሚታሸግበት ፋብሪካ፣ እሳቸው ከእኛ ማዶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የእንቅልፍ ሕክምና ቤት። አጭር ናቸው፤ ሲስቁ የድዳቸው ንቅሳት ይታያል፤ ሲራመዱ ግን ጠብ እንደሚፈልግ ጎረምሳ ደረታቸውን ነፍተው ነው። ከሩቅ ሲያዩኝ ከሰላምታ በፊት "ፊትሽን ታጥበሻል?" ይሉኛል። "ታጥቤያለሁ" ስላቸው "እሽ፣ ዛዲያ ምን አየሽ?" ይላሉ። ሕልሜን ነው የሚጠይቁኝ።

እኛ ዘንድ ሕልም ለማንም አይነገርም። መጀመሪያ የሰማው ሰው በክፉ ከፈታው ክፉ ይሆናል፣ በደግ ከፈታው ደግ ይሆናል ብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሕልም የሚነገረው ለታመነ ሰው ነው። እኔ እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሴት ነኝ። እዚህ አገር ስመጣ ሕልሜን የምነግረው ሰው አልነበረኝም፤ ከእትዬ አስካለ ጋር እስክገናኝ ድረስ ለዓመታት ያየሁትን ሁሉ እንዳፈንኩት እሠራ ነበር። ፌርማታው ላይ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሌሎቹም ሴቶች ተሰልፈው ይነግሯቸዋል። አንዷ "እትዬ፣ ጥርሴ ሁሉ ረግፎ አየሁ" አለቻቸው። ጥርስ ሲረግፍ ዘመድ ይሞታል ነው የሚባለው፣ ሁላችንም ደነገጥን። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ ወደ መንገዱ ትንሽ አዩ፣ ከዚያ "የጥርስ ሐኪም ቀጠሮሽን ረስተሽ ነው፣ አንች ዝርክርክ!" አሏት። አውቶቡሱ እስኪመጣ ሳቅን። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሕልሙ ክፉ ሲሆን ነጠላቸው አፋቸው ላይ ይሄዳል፤ ደግ ሲሆን አይሄድም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሕክምና ቤቱ የገቡት ወለል ሊወለውሉ ነበር። አንድ ቀን ሹሩባ የተሠራች ያገራችን ልጅ ለምርመራ መጣች። እንቅልፉ የሚመረመር ሰው የራስ ቆዳው ላይ ቀጫጭን ሽቦ ይለጠፍበታል። ሠራተኞቹ በሹሩባው መሀል ቆዳዋን ማግኘት አቅቷቸው "ፍቺውና ሌላ ቀን ነይ" ሲሏት እትዬ አስካለ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን ታጥበው "እስቲ ወዲህ በሉ" አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጸጉር የሠሩ ጣቶች ናቸው። አንዲትም ጉንጉን ሳይፈቱ ሽቦውን ሁሉ በየቦታው አስቀመጡት። ዶክተሯ፣ ከሩስያ የመጣች ቀጭን ሴት፣ ቆማ አየችና በሳምንቱ ነጭ ገዋን አለበሰቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ሽቦውን "ሐረግ" ነበር የሚሉት። "ዛሬ ሦስት ሰው ሐረግ አልብሻለሁ" ይሉናል፤ ሠርግ የደገሱ ነው የሚመስሉት።

ከዶክተሯ የሰሙትንም ፌርማታው ላይ ያስተምሩን ነበር። የተኛ ሰው ዐይኑ ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል ሕልም ላይ ነው። ጆሮው ግን ጨርሶ አይተኛም፣ አፍንጫውም እንዲሁ። በዚያች ሰዓት በቀስታ የተሰማ ድምፅ ወይም የሸተተ ነገር ሕልሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁልጊዜ አይገባም፤ ሲገባ ግን ሕልሙን ይዞት ይሄዳል። ቅዠት ያሰቃያቸው ሰዎች ሲመጡ ዶክተሯ ቀን ቀን ለቅዠታቸው ሌላ መጨረሻ እያስመረጠች፣ ከአንድ ለስላሳ ድምፅ ጋር ደጋግማ ታለማምዳቸዋለች። ሲተኙ ያንን ድምፅ ከጎናቸው ታሰማቸዋለች።

"ሰው ሳያውቅ ቢደረግበትስ?" ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

ተቆጡ። "ሳያውቅማ አይነካም! የሚፈረም ቶፌስ አለ፤ ሳይፈርም አንድ ሐረግ አላስነካም። ያገራችን ሰው ሲመጣ ወረቀቱን በአማርኛ የማስረዳው ማን ሆኖ ነው? 'እምቢ ካላችሁ እምቢ ነው፣ መሀል ላይ ተው ካላችሁም ተው ነው' እላቸዋለሁ። እኔ ሳይጠሩኝ የሰው ጓዳ ገብቼ አላውቅም፣ ሙሉ። እንቅልፍ ደግሞ ከጓዳም ጓዳ ነው።"

ይህን ሲሉ ጣታቸውን አፍንጫዬ ድረስ ቀስረውት ነበር። እስከ ዛሬ ይታየኛል።

አባ ታየ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሱዳን በኩል የመጡ፣ በመንገድ ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩ። በየሌሊቱ እየጮሁ ይነሳሉ። ከሳቸው ጋር የምትኖረው ሴት ልጃቸው መተኛት ስላቃታት ይዛቸው መጣች። "ዝም ብለሽ አስፈርሚልኝ፤ እሱ ምኑም አይገባውም" ብላ ወረቀቱን ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው። እሳቸው ልጅቱን ከክፍሉ አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ከአባ ታየ ፊት ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዷቸው። ቅዠቱ ሊቀልልዎ ይችላል፣ ልጆቹን በዚያ ሁኔታ ማየት ሊቀርልዎ ይችላል አሏቸው። አባ ታየ ግን "እነሱን የማገኛቸው እዚያ ብቻ እኮ ነው። እሱን ከወሰዳችሁብኝ ልጆቼን የት ሄጄ ላያቸው?" አሉ።

እትዬ አስካለ ወረቀቱን ሳያስፈርሙ ለዶክተሯ መለሱላት። ዶክተሯ "ምናልባት አልገባቸው ይሆናል፣ ደግመሽ አስረጂያቸው" ስትላቸው "ገብቷቸዋል። እምቢ ያሉትም ስለገባቸው ነው" አሏት። ይህን በማግስቱ ፌርማታው ላይ ሲነግሩኝ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ያን ቀን ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው። ከእናቴ በኋላ እንዲህ ያመንኩት ሰው አልነበረኝም፤ ባሌንም ጨምሬ ነው የምለው።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። ይሁዲው ሕዝባችን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ሲመጣ እኔ ከአጎቴ ጋር መጣሁ፣ አባቴ ጎንደር ገጠር ቀረ። እናቱ፣ አያቴ፣ መንገድ የሚያስኬድ አቅም አልነበራትም፤ እሷን ጥሎ አልሄድም አለ። አያቴ ብዙ ዓመት ኖረች፤ እሷ ስትሞት ደግሞ የሱ እግር እምቢ አለው። ስንለያይ እጄን ይዞ "ሙሉዬ፣ ብሞት ባጠገቤ አትሆኚም ይሆናል። አትፍሪ። በሕልምሽ መጥቼ ሳልሰናበትሽ የትም አልሄድም" አለኝ። አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም። ስለዚህ በተኛሁ ቁጥር፣ ሳይሰናበተኝ ባደረ ቁጥር "አለ ማለት ነው" እያልኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። ይህን ቃሉን ከኔ ሌላ የሚያውቁት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

መንደሩ ስልክ ስለሌለው የምንላላከው በካሴት ነበር። ሄያጅ ሲገኝ እኔ ካሴት እልካለሁ፣ መጪ ሲገኝ እሱ ይልካል። ለፋሲካ የመጣው የመጨረሻው ካሴት ላይ ጉሮሮውን ይጠርግና "ሙሉዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከብቶቹ ደህና ናቸው፤ ቀይዋ ላም ወልዳለች" ይላል። ከኋላው ውሻ ይጮሃል። "ዝም በል አንተ!" ይለዋል ውሻውን። ከዚያ ይመርቀኛል። "ማህፀንሽ ይባረክ፤ እንደ ራሔል፣ እንደ ልያ ያድርግሽ።" ነፍሰ ጡር መሆኔን ሰምቶ ነበር።

ያ ሦስተኛ እርግዝናዬ ነው። ሁለቱ ጨንግፈውብኛል። ሁለቱንም ጊዜ እጄን የያዙኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ በሦስተኛው "ሽሚራት ሄራዮን" ብሎ ሥራ አስቆመኝ፤ አልጋ ላይ ተኚ፣ አትነሺ፣ አትደንግጪ ማለት ነው። ባሌ ተስፋሁን የጥበቃ ሥራው ከሰዓት በኋላ ነበርና እትዬ አስካለ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እግሬን ያሻሉኛል፣ ሾርባ ያጠጡኛል፣ "ምን አየሽ?" ይሉኛል።

እርግዝናዬ አምስተኛ ወር ላይ ሲደርስ አንድ ሕልም አየሁ። አባቴ ከወንዝ ማዶ ቆሟል። ጋቢው አዲስ የታጠበ፣ ጸዓዳ ነው። እግሩ አያነክስም። እኔን ሲያይ እጁን አነሳ፣ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እኔ ነቃሁ። ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው የነጠላቸው ጫፍ አፋቸው ላይ ሄደ። መስኮቱን አዩ። ቆይተው "ዕድሜው ሊረዝም ነው። ነጭ ሲለብስ ጤና ነው" አሉኝ። ነጠላቸውን አይቻለሁ። ግን አባቴ አፉን ከፈተ እንጂ አልተናገረም፣ አልተሰናበተኝም። ስለዚህ አለ። እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ለማንኛውም ነገ ተነገ ወዲያ ተመልሶ መጥቶ የጀመረውን ይጨርስልኛል አልኩ።

ተመልሶም መጣ! ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲወስደኝ አባቴ ይመጣል። ወንዝ የለም፣ ነጭ ጋቢ የለም። ደጃችን ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጤና አዳም ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "እኔ ደህና ነኝ" ይለኛል። አንዳንዴ ፊቱን አላየውም፣ ድምፁ ብቻ ነው። ውሻው ይጮሃል። ቀይዋ ላም ትወልዳለች። ነቅቼ ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው አይነቃነቅም። አንድ ቀን እየሳቅሁ "ይቺ ቀይ ላም ምን ነክቷታል? በየሳምንቱ ትወልዳለች እኮ!" ብላቸው "ላሟ አንች ነሽ። በሰላም ትገላገያለሽ ማለት ነው" አሉኝ። ትራሴ አጠገብ ሁልጊዜ ጤና አዳም ነበረ። ልጃቸው ኦሪት ቤት በረንዳ ላይ ከሚያበቅሉት ቆርጠው ያመጡልኛል፤ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ የዋህ ነኝ፣ አመሰግናቸዋለሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ተደስቼ አላውቅም። ሆዴ እየገፋ፣ አባቴ በየቀኑ እየመጣ። ሺራን በሰላም ተገላገልኩ። ሽማግሌዎቹ ለሴት ልጅ የሚቆጥሩት ሰማንያ ቀን ሞላ።

በሰማንያ አንደኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አጎቴ፣ ቄሱ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ሴቶች። መርዶ ሲመጣ ያየ ሰው ገና በሩን ሲከፍት ያውቀዋል። አባቴ የሞተው ከሰባት ወር በፊት ነው። ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ፣ ሁለት ስለጨነገፈብኝ፣ ሰዉ ሁሉ ተማክሮ ደብቆኛል። ተስፋሁን ያውቅ ነበር። ፌርማታው ላይ ያሉት ሴቶች ያውቁ ነበር። እግዜር ይይላቸው አልልም፤ ልማዳችን ነው፣ እኔም ለሌላ ሰው እንደዚያው አድርጌያለሁ። ጮህኩ፣ ፀጉሬን ነጨሁ፣ ሰባቱን የለቅሶ ቀን ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እንባዬን ጠራረግኩ። "አባቴ ቃሉን ጠብቋል" አልኳቸው። "ሲለየኝ 'በሕልምሽ መጥቼ ሳልሰናበትሽ አልሄድም' ብሎኝ ነበር። ከሞተ በኋላ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ መጥቶልኛል። መርቆኛል። አልተለየኝም።" ሴቶቹ በሙሉ አለቀሱ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እትዬ አስካለን አየሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሳቸው ነጠላ ብቻ አፋቸው ላይ ነበር።

ሰዉ ሲበተን እጃቸውን ይዤ ወደ መኝታ ቤት አስገባኋቸው። "እትዬ፣ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። አልዋሹም። ከጉያቸው ካሴቱን አወጡ፣ የአባቴን ካሴት፤ አልጋው ላይ አስቀመጡት።

"መርዶው የመጣ ሳምንት ነው ያን የወንዙን ሕልም የነገርሽኝ" አሉ። "አባትሽ ሊሰናበትሽ መጥቶ ነበር፣ ሙሉ። ነገ ተመልሶ ቢመጣና ቢነግርሽስ? ደንግጠሽ ይኸኛውም ቢወርድስ? ቴፑን በነጠላ ጠቅልዬ ከአልጋሽ ሥር አደርገዋለሁ። ዐይንሽ ከቆቡ ሥር ሲንቀሳቀስ ቀስ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ድምፁን ሰምተሽ ደህና ነው ብለሽ እንድታይ ነው። ጤና አዳሙም ለዚያ ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ውሻው ትዝ አለኝ። "ዝም በል አንተ!" የሚለው። ያቺ በየሳምንቱ የምትወልድ ላም።

"አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር" አልኩ። "ሊናገር ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ነሽ አፉን የዘጋሽው!" በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውን 'አንቺ' አልኳቸው። እትዬ አስካለ ቃሉ ሲያርፍባቸው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ሁለት ልጅ ሲጨነግፍብሽ እጅሽን የያዝኩ እኔ ነኝ" አሉ። "ሦስተኛውንም ልይ?"

"ብትጠይቂኝስ ምን ነበረበት?"

"ምን ብየ? 'አባትሽ እንዳይመጣብሽ ልከልክለው ወይ?' ልበልሽ? እሱ ራሱ መርዶ አይደለም ወይ?"

እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አነደደኝ። "አባ ታየን ጠይቀሻቸው የለ? በር ዘግተሽ፣ ከፊታቸው ቁጭ ብለሽ! እሳቸው እምቢ ሲሉ አላለቀስሽም?"

"አባ ታየ እርጉዝ አልነበሩማ!" አሉ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ካሴቱን አንስቼ ወረወርኩባቸው። ደረታቸውን መትቶ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሱት፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉት፣ "ልጅሽ ግን አለች" ብለው ወጡ። ሺራ በዚያው ሰዓት ሌላው ክፍል ውስጥ ታለቅስ ነበር።

ብዙ ሰው መክሮኛል። አጎቴ "ምን ያልደበቀሽ ሰው አለ? እሷን ብቻ ለይተሽ የምትጠዪው ለምንድን ነው?" አለኝ። ልዩነቱን ላስረዳው ሞከርኩ። ሌሎቹ አፋቸውን ነው የዘጉት፤ እሳቸው እንቅልፌ ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ የደበቁኝ የሞቱን ወሬ ነው፤ እሳቸው ራሱን አባቴን ነው የደበቁኝ። አጎቴ ግን ጤናማ ልጅ ክንዴ ላይ እያየ ይህን ሊሰማ አልቻለም። ማንም አልቻለም። የምወዳት ልጄ የእትዬ አስካለ ምስክር ሆና በየቀኑ ፊቴ ትድህ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልክሰሳቸው? ተኝቼ ደንግጬ ቢሆን ኖሮ ትወርድ ነበር ወይስ አትወርድም፣ ማን ያውቃል። ሐኪሙንም አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈርቼ ነው፣ በየትኛውም በኩል ቢሆን።

አባቴ ከዚያ ወዲያ መጥቶልኝ አያውቅም። በየሌሊቱ ጠበቅሁት። ወንዙን በዐይኔ እየሳልኩ፣ ጋቢውን እየሳልኩ ተኛሁ። ሁለት ሦስቴ ድምፁን ሰማሁ፤ ግን ከኋላው ውሻ ይጮሃል፣ የካሴቱ ትዝታ እንደሆነ አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ የማየውን ሕልም ሁሉ የሰው ሥራ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ለማንም አልናገርም። ሥራዬንም ቀየርኩ፤ ፌርማታውን ላለማየት ስል ሁለት አውቶቡስ የሚያስለውጥ ሥራ ያዝኩ። እትዬ አስካለም ልጃቸው ዘንድ ዶራ ሰፈር ገቡ። ገበያ ላይ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። እሳቸው ቆመው ያዩኛል፤ አንድም ቀን ተከትለው አልጠሩኝም።

ለቀብራቸው ሄድኩ። በሰባቱ ቀንም ዶራ ኦሪት ቤት ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ኦሪት አንድ ጊዜ ወደ ኩሽና ጠርታ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ካሴቱ ነው። "ይኸን ለሙሉ ብላኛለች" አለችኝ። ከዚያ ዕብራይስጥና አማርኛ እየተቀላቀለባት "አት ዮዳአት፣ ታውቂያለሽ፣ ካንቺ ጋር የተጣላችሁ ሳምንት ማዕባዳውን፣ የእንቅልፍ ሕክምና ቤቱን፣ ለቃ ወጣች። ዶክተሯ ቤት ድረስ መጥታ ለመነቻት። እማ 'ከእንግዲህ ሰው አስፈርሜ እጄን ራሱ ላይ ማሳረፍ አልችልም' አለቻት። ለኛም ለምን እንደሆነ አልነገረችንም። ለምንድን ነው ግን?" አለችኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ በልቤ ስከሳቸው ኖሬ እሳቸው በዚያው ሳምንት በራሳቸው ላይ ፈርደዋል። ኦሪት እንደነገረችኝ የመጨረሻ ሥራቸው ደግሞ ወለል ውልወላ ነበር፣ ተመልሰው። ይህን ስሰማ ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም። ጥፋታቸውን ካወቁ ለምን አንድ ቀን በሬን አላንኳኩም? እኔስ ለምን የሳቸውን በር አላንኳኳሁም? ለኦሪት "እኔም አላውቅም" አልኳትና ካሴቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቤቴ ማጫወቻ የለኝም፤ ዛሬ ማን ቴፕ አለው? መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በስድስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሕልም አየሁ። ፌርማታው ላይ ነኝ። እትዬ አስካለ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። ነጠላቸው አዲስ የታጠበ፣ ጸዓዳ ነው፤ ከትከሻቸው አልተነሳም። እጃቸውን አነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። "ሙሉ፣" አሉ፣ "ደህና ሁኝ።" ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት። ከኋላቸው ምንም የሚጮህ ነገር አልነበረም።

ነቃሁ። ደስታ ይሁን ለቅሶ ሳልለየው ከአልጋዬ ወርጄ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ አንገቴን አጎንብሼ ከአልጋው ሥር ተመለከትኩ። እጄን እስከ ግድግዳው ድረስ ሰድጄ ዳበስኩ። የሺራ አንድ እግር ሰንደል ጫማ ብቻ ነበረ።

ቀና ስል ሺራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። "ኢማ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

"ቴፕ።"

"ቴፕ ምንድን ነው?"

ጫማዋን ዘረጋሁላት። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ፊቴን በትንሽ እጇ ጠረገችልኝ። "ሕልም አይተሽ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።